የምጽዋ በረዶ

ባርኔጣው ሕብስት ጋ ሲደርስ ውስጡ የቀሩት ሦስት ብጣሽ ወረቀቶች ብቻ ነበሩ።

የሕብስት የጂኦግራፊ መምህር መሲዮ ቦሼ፣ «መሲዮ» እንደ «አቶ» ነው፣ የራሳቸውን የሱፍ ባርኔጣ በየወንበሩ እያዞሩ ዕጣ ያስወጣሉ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ባሕር ያለው የአንድ የአፍሪካ አገር ስም ተጽፏል። አገሩ የደረሰው ተማሪ እዚያ ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚጠመድ፣ በምን እንደሚጠመድና የት እንደሚሸጥ አጥንቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍሉ ፊት ቆሞ አሥር ደቂቃ መናገር አለበት። በፈረንሳይኛ ኤክስፖዜ ይሉታል። የዓመቱ ውጤት አንድ አራተኛ ስለሚያዝበት ማንም የሚቀልድበት ነገር አይደለም።

ሕብስት ዓይኗን ጨፍና አንዱን አወጣች። በልቧ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሷ አገር አይሁን። ወረቀቱን ስትገልጠው «ሴኔጋል» ይላል። እፎይ አለች።

«ውይ፣ የራስሽ አገር ደረሰሽ!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሚሬይ፣ እፎይታዋን እንደ ደስታ ቆጥራ፣ እሷም ከልቧ ደስ ብሏት።

ሚሬይ በዚህ ትምህርት ቤት ያገኘቻት የመጀመሪያ ጓደኛዋ ናት። እነ ሕብስት በስደት በሚኖሩበት ከተማ መስከረም ላይ ከካሩዥ ሰፈር ወደ ሜራን ሰፈር ቤት ሲቀይሩ ሕብስትም ትምህርት ቤት ቀይራ ነበር። ያን ጊዜ ሚሬይ «ከየት ነሽ?» ብትላት «ከአፍሪካ» ብላ አለፈችው። አፍሪካ ሰፊ ነው፤ ሚሬይም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። አሁን ግን አዎ ወይም አይደለም ማለት ነበረባት። ሕብስት ሁለቱንም አላለችም፤ ፈገግ አለች። ሚሬይ ፈገግታውን እንደ አዎ ወሰደችው፤ ሕብስትም እንደዚያ እንደምትወስደው ታውቅ ነበር።

ደወል ተደውሎ ተማሪው ሲወጣ መሲዮ ቦሼ በእጃቸው ጠሯትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሕብስት፣ ከፈለግሽ ኢትዮጵያን ልሰጥሽ እችላለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ሳላስገባት ቀረሁ እንጂ ቀይ ባሕር ላይ ረጅም ጠረፍ አላት። አባትሽም እዚያ ጠረፍ ላይ ይሠሩ እንደነበር ማኅደርሽ ላይ አይቻለሁ።»

«አይ፣ ሴኔጋል ይሻለኛል» አለች፣ ንግግራቸውን እንኳ በቅጡ ሳታስጨርሳቸው። አመስግናቸው ወጣች።

ጊዜው ኅዳር 1977 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኡስተር በሚባል ሌላ ከተማ የሚኖረው አጎቷ ወልደሥላሴ በራት ሰዓት ስልክ ደውሎ «ቴሌቪዥን ክፈቱ» ብሏቸው ነበር። ከፈቱ። ወሎ ነው። ሜዳ ሙሉ የተራበ ሰው ተቀምጧል፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ዝም ብሎ። እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ አባቷ ደግሞ ራቱን ትቶ ተነሣና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። በሳምንቱ ያው ሜዳ በፎቶ ሆኖ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፣ ሥሩ የእርዳታ ሣጥን ተደርጎለት።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፊሊፕ የሚባለው የክፍሏ ልጅ ሳህኑ ላይ የተረፈውን ድንች ገፋ አደረገና «ይኼን ወደ ኢትዮጵያ ላኩት» አለ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሕብስትም ሳቀች። ማንም አላስገደዳትም፤ ሳቁ ራሱ አምልጧት ወጣ።

ቤት ገብታ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ የመጀመሪያውን ገጽ ስትጽፍ አባቷ ከሥራ መጣ።

የአባቷ የኃይለመለኮት ሥራ በረዶ ነው። ከተማው ውስጥ ባለ የበረዶ መንሸራተቻ፣ እነሱ ፓቲኗር በሚሉት አዳራሽ፣ ወለሉን የሚያቀዘቅዙትን መኪናዎች የሚቆጣጠር መካኒክ ነው። በሐምሌም በነሐሴም ሹራብ ለብሶ ይወጣል። ሕብስት ትንሽ ሳለች አባት የተባለ ሁሉ እጁ ቀዝቃዛ ይመስላት ነበር። አባቷ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ተግባረ እድ ተምሮ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ ምጽዋ ወደሚገኝ የበረዶ ፋብሪካ በመካኒክነት ተልኮ፣ እዚያው አሥር ዓመት ከረመ። ሕብስትም የተወለደችው እዚያው ነው፤ ስድስት ዓመት ሲሆናት አገሩን ጥለው ወጡ።

ኮቱን ሳያወልቅ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ መጽሐፉን አየ። መረብ፣ ጀልባ፣ የዓሣ ሥዕል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ኤክስፖዜ ነው፣ ለጂኦግራፊ። ላ ፔሽ… ዓሣ ማጥመድ። የአፍሪካ።»

«የአፍሪካ ዓሣ ማጥመድ!» ኮቱን ወንበሩ ላይ ጣለው። «ጥሩወርቅ! ነይ፣ ነይ እዪ። ልጄን የዓሣ ነገር ጠይቀዋታል። የምጽዋን ታወራለቻ! ከኔ በላይ ማን ሊነግራት ነው?»

እናቷ ጥሩወርቅ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ እግሯን ያማታል፣ በአባቷ ላይ ለመቀለድ ግን ደክሟት አያውቅም።

«አንተ ደግሞ መረብ ይዘህ ታውቃለህ? ጀልባ ላይ ስትወጣ'ኮ ከዓሣው በፊት የሚወጣው ምሳህ ነበር።»

«ማጥመዱን ማንም ያጠምደዋል» አለ አባቷ፣ ቅር ሳይለው። «ዓሣ ማለት በረዶ ነው። ሕብስትዬ፣ ጻፊ።»

ያኔ ነበር «አባዬ፣ የኔ ሴኔጋል ነው» ማለት የነበረባት። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አባቷ ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ማታ ወዲህ እንደዚህ ሲስቅ አላየችውም፤ ወንበር ስቦ እጁን እያፋተገ አጠገቧ ሲቀመጥ ልጅ መስሎ ነበር። እስክሪብቶዋን አነሣችና ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ደብተር ያዘች። በአንዱ ከመጽሐፉ እየገለበጠች ሴኔጋልን ትጽፋለች። በሌላው፣ ከራት በኋላ፣ አባቷ የሚነግራትን ትጽፋለች። የመጀመሪያውን ትራሷ ሥር ትደብቀዋለች።

ችግሩ የአባቷ ደብተር ከመጽሐፉ ይበልጥ እየጣማት መሄዱ ነው። በቀዝቃዛው ወራት ሰርዲኑ በመንጋ ወደ ጠረፍ ይጠጋል፤ አብዛኛው አሸዋ ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ የዶሮ መኖ ሊሆን በመርከብ ወደ ውጭ አገር ይጫናል። ዳህላክ ደሴቶች አካባቢ ድንጋይ ሥር የሚደበቀው አፈ ሰፊው ዓሣና ድራክ የሚባለው ረጅሙ ዓሣ ግን በመንጠቆ ይያዛሉ፤ እነሱ ናቸው በረዶ የሚገባቸው ጌቶች። ሻርክ በጨው ደርቆ ወደ ኤደን ይሻገራል፤ ሽታው ከመርከቡ በፊት ይደርሳል ይላል አባቷ።

«አዲስ አበባስ ዓሣ አይበሉም ነበር?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«ዐቢይ ጾም ሲገባ አዲስ አበባ ባሕር እንዳላት ድንገት ትዝ ይላታል። በየቀኑ ላኩ ነው፤ በአውሮፕላን፣ በመኪና። እኛም እንቅልፍ የለንም፣ በረዶ እናወጣለን። ፋሲካ ሲነጋ ደግሞ በግ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ባሕሩን ትረሳዋለች። እስከሚቀጥለው ዓመት።»

«እኔ በጾም ዓሣ በልቼ አላውቅም» አለች እናቷ ከሶፋው ላይ።

«እሷ የመንዝ ልጅ ናት። ለሷ ዓሣ ከላም ጋር አንድ ነው።»

«ደም ያለው ነገር ያው ነው። አንተም ስትበላ የነበረው ቄሱ ስላላዩህ ነው።»

«ቄሱማ ከኔ ጋር ነበር የሚበሉት» አለ አባቷ። እናቷ ትራስ ወረወረችበት።

ሕብስት በጣም የወደደችው ግን የበረዶውን አሠራር ነው። ሳምቡክ የሚሉት የእንጨት ጀልባ ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት ፋብሪካው በር ላይ ይሰለፋል። ናኹዳው፣ ማለት የጀልባው አዛዥ፣ ጡብ ጡብ የመሰለ በረዶ ተቆጥሮለት ይረከብና በጆንያና በመጋዝ ፍቅፋቂ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ መመለሻውን የሚወስነው ነፋሱም አይደለም፣ የያዘው ዓሣ ብዛትም አይደለም። ናኹዳው በየጠዋቱ እጁን ወደ ጀልባው ሆድ ሰዶ የቀረውን በረዶ ይዳስሳል። ግማሽ ሲደርስ አንድም ዓሣ ባይዝ ፊቱን ወደ ምጽዋ ያዞራል። ያ ካልሆነ የያዘው ሁሉ መንገድ ላይ ይበላሻል።

«ስለዚህ ስንት ቀን ባሕር ላይ እንደሚቆዩ የምወስነው እኔ ነበርኩ» አለ አባቷ። «መዋኘት የማልችለው ሰውዬ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለም። ኤክስፖዜው አምስት ቀን ሲቀረው፣ በዚያ ሐሙስ፣ አባቷ «ፓቲኗር ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» አላት። በትራም ሄደች። ላይ አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃ ተከፍቶ ልጆች ይንሸራተታሉ፤ አባቷ ያለው ግን ምድር ቤት ነው፣ መኪናዎቹ በሚጮሁበት። በሩን ስትከፍተው የአሞኒያ ሽታ አፍንጫዋን ቆነጠጣት።

«ሸተተሽ? ልክ የምጽዋ ሽታ ነው» አለ እየሳቀ። «እዚያ አርባ ዲግሪ ላይ፣ እዚህ ዜሮ ላይ፤ መኪናው ግን ያው ነው። ነይ።»

ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ከያዘው ገንዳ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን በገመድ ስቦ አወጣ። ሙቅ ውሃ አፈሰሰበትና ገለበጠው። አንድ የበረዶ ጡብ ተንሸራትቶ ጆንያው ላይ ወጣ። እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ውስጡ አንድ ቀይ ዓሣ አፉን ገርበብ አድርጎ ይታያል።

«ከካሩዥ ገበያ ነው የገዛሁት፣ የባሕር ዓሣ ነው። በረዶው እንዴት እንዲህ እንደጠራ ታውቂያለሽ? ውሃው ሲረጋ መሃሉ አየር ይይዝና ይነጣል። እስኪረጋ ድረስ አየር እየነፉ ማናወጥ ነው። እዚያ ትልቅ መንፊያ ነበረን፤ እዚህ ማኑዌል የሚባለው ጓደኛዬ የልጁን የዓሣ ገንዳ ፓምፕ አዋሰኝ። ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ። ይኼ አራተኛው ነው።» ጣቱን በረዶው ላይ አሳለፈ። «ለክፍል ልጆችሽ። የምጽዋ ዓሣ እንዴት ይጓዝ እንደነበር ያዩታል።»

ሕብስት በረዶውን አየች። አራት ጊዜ ሞክሯል። እውነቱን ልትነግረው ፈለገች፤ ግን በእውነቱ ፋንታ ሌላ ነገር፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቆጣት የሰነበተ ነገር፣ ከአፏ ወጣ።

«አባዬ፣ ይኼ ሁሉ ዓሣ ካለን ለምን ይራባሉ?»

አባቷ ጆንያውን ወስዶ በረዶውን ሸፈነ፣ ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። መጠየቋን ጠላችው።

«ዓሣው ታች ነው» አለ በመጨረሻ። «የተራበው ሰው ተራራው ላይ ነው። ዓሣውን ከታች ወደ ላይ የሚያደርሰው በረዶ ነው። በረዶ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ ጨው የሌለው ውሃ ይፈልጋል። መንገዱም ክፍት መሆን አለበት። ጦርነቱ መጣና መጀመሪያ መንገዱ ተዘጋ። ቀጥሎ ውሃው። ሳምቡኮቹም ባሕር እንዳይወጡ ተከለከሉ። ዓሣውማ አሁንም እዚያው አለ፣ የትም አልሄደም።»

«እኛስ? እኛ ለዚያ ነው የወጣነው?»

«እናትሽ አልነገረችሽም?»

«በባሕር ወጣን ነው ያለችኝ።»

ትንሽ አሰበና ነገራት። በ1970፣ ከተማው ሊከበብ ሲል፣ ከበረዶ መሥሪያ መኪናዎቹ የምትሠራው አንዷ ብቻ ነበረች። አንድ ካድሬ መጣና ያለው በረዶ ሁሉ ለመኮንኖቹ መጠጥ ቤት ይሁን አለ። በዚያው ቀን ሷሊሕ የሚባል ናኹዳ የመውጫ ፈቃድ በስንት ልመና አግኝቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ገበያው ውስጥ ምግብ ጠፍቷል፣ እሱ ካልወጣ የሚወጣ ጀልባ የለም። አባቷ አሥራ ሁለት ጡብ በረዶ ሰጠው። ሷሊሕ በአራተኛው ቀን ዓሣ ሞልቶ ተመለሰ፤ ሰፈሩ በላ። ካድሬውም ሰማ።

«እሥር ቤት ሳልገባ ሷሊሕ ነው የቀደማቸው። እናትሽንና አንቺን ከዓሣው ሣጥን ላይ አስቀምጦ ወደ የመን አሻገረን። እኔ መንገዱን በሙሉ ሳስመልስ ነበር። እናትሽ እስካሁን ትስቅብኛለች።» ራሱም ሳቅ አለ። «ይኼን ግን አትጻፊው። የዓሣውን ብቻ ጻፊ።»

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻለችም።

«አባዬ፣ የኔ ሴኔጋል ነው።»

«ምኑ?»

«ኤክስፖዜው። ዕጣ ነበር፣ ሴኔጋል ደረሰኝ። ከመጀመሪያውም ሴኔጋል ነው።»

አባቷ ተመለከታት፣ ከዚያ ጆንያውን። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቶሎ አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የለቀቀው፣ እና ያ ከቁጣ ይልቅ ጎዳት።

«ዕጣ ከሆነማ ምን ታደርጊያለሽ» አለ። ወዲያው ግን ፊቱ ፈካ። «ቆይ፣ መምህሩን ላነጋግረዋ! ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ልጄ የምጽዋ ልጅ ናት፣ ኢትዮጵያን ይስጧት እለዋለሁ። እምቢ አይልም፤ ደግ ሰው ነው ብለሽኝ የለ?»

«አባዬ፣ አትምጣ።»

«ለምን?»

«ሊሰጠኝ ነበር። ራሱ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

መኪናው ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ላይ የሙዚቃው ድምፅ ተሰማ።

«አፍረሽ ነው?» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነው።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። የፊሊፕን ድንች፣ አብራ መሳቋን፣ ሚሬይ ሴኔጋላዊት ናት ብላ እንደምታምን። ስትጨርስ እያለቀሰች ነበር። አባቷ ቀዝቃዛ እጁን አንገቷ ላይ አደረገ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ብርዱ አስደነገጣት።

«ልንገርሽ» አለ። «ከዚያ ከቴሌቪዥኑ በኋላ በማግስቱ ማኑዌል ቡና ስንጠጣ "ያየናቸው ሰዎች ያንተ ወገኖች ናቸው?" አለኝ። ለክፋት አልነበረም፣ አዝኖልኝ ነው። ምን አልኩት መሰለሽ? "የኔ አገር ጠረፉ ላይ ነው፣ ያ ሩቅ ነው" አልኩት።» የጆንያውን ጠርዝ አስተካከለ። «የናትሽ ታላቅ እህት ደሴ ነች። ሩቅ ነው እንዴ?»

አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ነግሯት አያውቅም። እንባዋን ጠርጋ ራሷን ትከሻው ላይ አስደገፈችው፣ ሹራቡ አሞኒያና ዘይት እየሸተታት።

«አሁን ያንን የሴኔጋሉን መጽሐፍ አምጪው» አለ ቆይቶ። ከቦርሳዋ አወጣችለት። መነጽሩን አድርጎ ገጾቹን ገለበጠና አንድ ሥዕል ላይ ቆመ። «ይኼን ዓሣ አውቀዋለሁ! ምን ይሉታል?»

«ቲዮፍ። በጣም የሚወዱት እሱን ነው። ሰርዲንና ቱናም አለ።»

«የኛው አፈ ሰፊ ዘመድ ነው፣ እዪው፣ ያው ኩሩ ፊት። በረዶ ይይዛሉ ጀልባዎቹ?»

«መጽሐፉ "ፒሮግ፣ ማለት ጀልባቸው፣ በረዶ ይዞ ይወጣል" ይላል፣ ሌላ ነገር አይልም።»

«ምን ያህል? በምን ሸፍኖ? ለስንት ቀን?» መጽሐፉን ዘጋው። «ይኼን የጻፈው ሰው በረዶ አያውቅም። በይ እንሥራው። ያ ዓሣም እንደሆነ ፓስፖርት የለውም፣ ሴኔጋልም ይሄዳል።»

«ለሚሬይስ ምን ልበላት?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለ አባቷ፤ ተነሥቶም የመኪናውን የግፊት መለኪያ ማየት ጀመረ።

ማክሰኞ ጠዋት አባቷ በረዶውን በጆንያና በመጋዝ ፍቅፋቂ ጠቅልሎ፣ እናቷ ገበያ በምትሄድበት ባለ ጎማ ቦርሳ እየጎተተ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደረሳት። ፎቶው የተለጠፈበት ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ አየው፣ ከዚያ ቦርሳውን አቀበላት።

«ሁለት ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በላይ ዋስ አልሆንም» ብሏት ወደ ትራሙ ሄደ።

ኤክስፖዜዋ ጥሩ ሄደ። ከጥሩም በላይ ሄደ ማለት ይቻላል። የሴኔጋልን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሣለች፣ ሰርዲኑ በየትኛው ወራት እንደሚመጣ፣ ቱናው በትልልቅ መርከቦች ተይዞ በቆርቆሮ እንደሚታሸግ፣ ቲዮፉ ለምን ውድ እንደሆነ ተናገረች። በረዶውን ከጆንያው ስታወጣው ክፍሉ «ኦ» አለ፤ የኋላ ወንበር ልጆች ለማየት ቆሙ። የጀልባው አዛዥ በየጠዋቱ እጁን ሰዶ በረዶውን እንደሚዳስስና ግማሽ ሲሆን ፊቱን ወደ ወደቡ እንደሚያዞር ስትነግራቸው ፊሊፕ እንኳ አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። ስትጨርስ አጨበጨቡላት።

መሲዮ ቦሼ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ በረዶው ጠጋ አሉ።

«በጣም ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፣ የበረዶው ነገር እንዲህ ተዘርዝሮ የለበትም። ከየት አመጣሽው?»

ሕብስት መልስ ከመስጠቷ በፊት ሚሬይ ከፊት ወንበር ዞራ ለክፍሉ በኩራት ተናገረች።

«እሷ'ኮ የዚያ አገር ልጅ ናት! ከሴኔጋል ነው የመጣችው።»

መሲዮ ቦሼ ሕብስትን አዩዋት። እሳቸው ያውቃሉ፣ ግን መልሱን ለእሷ ተዉላት። ዝም ብላ ወደ ወንበሯ ብትሄድ ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ ውጤቱም በእጇ ነው፣ ጓደኛዋም በእጇ ናት። ሃያ ሦስት ሰው እያያት አባቷን ብቻ አሰበች፣ ያን የቡና ሰዓት፣ «ያ ሩቅ ነው» ሲል።

«አይደለሁም» አለች።

ሚሬይ ግራ ገብቷት ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«ሴኔጋላዊት አይደለሁም፣ ሚሬይ። ስትጠይቂኝ ዝም ማለት አልነበረብኝም፣ ይቅርታ። የበረዶውን ነገር የነገረኝ አባቴ ነው። ምጽዋ የምትባል ወደብ የበረዶ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በረዶውን እንዲህ የሚዳስሱት የዚያ የጀልባ አዛዦች ናቸው፣ ሴኔጋልም እንደዚያ ሊሆን ይችላል ብለን ነው።» ትንፋሿን ሳበች። «ምጽዋ ኢትዮጵያ ነው። እኔም ኢትዮጵያዊት ነኝ።»

የሚሬይ ፊት ቀላ፤ ተቆጥታም፣ አዝናም፣ አፍራም ሊሆን ይችላል፤ ሕብስት መለየት አልቻለችም። ከምሳ ጠረጴዛው ልጆች ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ ፊሊፕ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ፣ መልሶ ሊያወርደው ፈለገ፣ ግን አላወረደውም። ሕብስት ምን ሊል እንደሆነ አፉን ሳይከፍት አወቀች፤ እሷ ፓቲኗር ውስጥ አባቷን የጠየቀችው ያው ጥያቄ ነው።

መሲዮ ቦሼም ያወቁ መሰለ። ሰዓታቸውን አዩ።

«ሊደወል ነው፣ ጥያቄ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ሕብስት፣ አመሰግናለሁ፤ መቀመጥ ትችያለሽ።»

ሕብስት አልተቀመጠችም። ጨርቁን አንሥታ የሴኔጋልን ካርታ ከሰሌዳው ላይ አጠፋችና ጠመኔውን ያዘች።

«ይጠይቅ» አለች።